ደወሉ ይሠራል፣ ሰው ነው ያነሰው፦ ሰባት ሌሊት በአስታማሚ ወንበር ላይ

ከደወሉ ልጀምር። አልጋው ራስጌ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ፣ ቀይ ቁልፍ ያለው ነገር ነው። ሲጫኑት ከበሩ በላይ መብራት ይበራል፣ የነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ "ቲን" ይላል። እንደ ዕቃ እንከን አይወጣለትም፤ ሰባት ሌሊት ሙሉ አንዴም አልተበላሸም። ችግሩ ቲን ሲል ጠረጴዛው ጋ ማንም አለመኖሩ ነው።

አባቴ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ነው የገባነው። ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ሰባት ሌሊት ተኛ፣ እኔም ሰባቱንም ሌሊት አጠገቡ ወንበር ላይ አደርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ስድቡ ዞሮ ዞሮ ነርሶቹ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እኔ ደግሞ ከእነሱ ጋር ቂም የለኝም።

ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መቁጠር ነው። ሰባት ሌሊት ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ መቁጠሬ አይቀርም። ደወል የተጫንኩበትን ሰዓትና ሰው የመጣበትን ሰዓት ደብተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ለክስ ነበር፤ ስንወጣ ለአስተዳደሩ አቤቱታ አስገባለሁ ብዬ። በጠቅላላው 31 ጊዜ ተጫንኩ። ፈጣኑ 2 ደቂቃ፣ የዘገየው 47 ደቂቃ። ቀን ቀን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሰው ይመጣል። ሌሊት ግን ከግማሽ በላዩ 20 ደቂቃ ያለፈው ነው። ሰው ሽንቱን ይዞ ሲጠብቅ 20 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ያስታመመ ያውቀዋል። በሁለተኛው ሌሊት መጥራቱን ትቼ የሽንት ዕቃውን ራሴ መያዝ ለመድኩ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሴት ልጁ ነኝ። ሁለታችንም ስለዚያ ነገር እስካሁን አላወራንም።

ሌላ ሌላውን ቶሎ ልጨርሰው። ኦፕራሲዮኑ ያለ ምንም ጣጣ አለቀ፣ ለዚያ አምስት ኮከብ። ሐኪሙ በቀን አንዴ ይመጣል፣ አራት ደቂቃ ቆሞ ይሄዳል፣ ግን ጥያቄ ከጠየቁት ይመልሳል። ጽዳቱ ከጠበቅኩት በላይ ነው። የአስታማሚ ወንበሩን በተመለከተ፣ ማን እንደሠራው ባላውቅም ወገብ ያለው ሰው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክፍሉ 26 አልጋ አለው፣ እኛ በነበርንበት ጊዜ ሁሉም ሙሉ ነበር። ቀን አራት ነርስ፣ ሌሊት ሁለት። የመጀመሪያው ሌሊት ሁለቱን ብቻ ሳይ ሌሎቹ የሆነ ቦታ ተኝተው መሰለኝ። አጠገባችን ወንድሙን የሚያስታምመውን ሰው "የቀሩት ነርሶች የት ናቸው?" ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። "የቀሩ የሉም፣ እነዚሁ ናቸው" አለኝ።

47ቱ ደቂቃ የሦስተኛው ሌሊት ነው። አባቴ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የሚወስደው የአንቲባዮቲክ መርፌ ነበር። ስድስት ከሃያ ሲሆን ማንም አልመጣም፣ ደወሉን ተጫንኩ። ጠበቅኩ። እንደገና ተጫንኩ። ስድስት ከሃምሳ ላይ ተነስቼ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ፣ ባዶ ነው። ኮሪደሩ መሃል ቆሜ "ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት!" ብዬ ጮህኩ፤ የተኛ ሰው እንኳ ትዝ አላለኝም። ያን ጊዜ ነው የአልጋ ቁጥር 19 መጋረጃ ተዘግቶ ያየሁት። በክፍተቱ ሁለቱም ነርሶች ይታያሉ። አንዷ በሰውዬው ፊት ላይ ጭምብሉን ይዛ የአየር መስጫውን ከረጢት እየጨመቀች ነው፣ ሌላኛው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ ሐኪም እየጠራ በእጁ ደም ስር ይፈልጋል። አፌን ዘግቼ ተመለስኩ።

ሰባት ሰዓት ከሰባት ላይ መጣች። ፀጉሯ ከቆቧ ወጥቷል፣ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም። "ይቅርታ እህቴ፣ ዘገየሁባችሁ" አለችኝ። ከዚያ አባቴን ቀስቅሳ "አባባ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ" አለችው። ሰባት ቀን ሙሉ ስሙን ሳይጠይቁ፣ የእጁን አምባር ሳያዩ አንድም መድኃኒት ሰጥተውት አያውቁም። በዚያ ሰዓት፣ ከዚያ ሁሉ ሩጫ በኋላ እንኳ አላለፈችውም። የ19ኙን ሰውዬ ስጠይቃት ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል እንደወሰዱት ነገረችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ የእሱ አስታማሚ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ ማውራት ጀምሯል አለችኝ።

እና አሁን ይህንን በስንት ኮከብ ነው የምመዝነው? የአባቴ መድኃኒት ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቷል፤ ያ ጥፋት ነው። ግን ጥፋቱን የማን ልበለው?

በአራተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሒሳቡን ደብተሬ ላይ ሠራሁት። ሁለት ነርስ፣ እያንዳንዳቸው 12 ሰዓት፣ በድምሩ 24 የሥራ ሰዓት አላቸው። ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምትና ኦክሲጅን በየ4 ሰዓቱ ይለካል፣ በሌሊት ሦስት ዙር መሆኑ ነው። ከነመጻፉ ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ብንሰጥ 26 ሰው በሦስት ዙር 390 ደቂቃ ይወስዳል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሄደ። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ አምስት ታካሚዎች ነበሩ፤ የአልጋ ቁስል እንዳያወጡ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው የተለመደው፣ ያ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አምስት ሰው፣ ስድስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ በሁለት ነርስ፦ 600 ደቂቃ። አሥር ሰዓት ሄደ። የተረፈው ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፣ ለ26 ሲካፈል ለአንድ ታካሚ 17 ደቂቃ። ለሙሉ ሌሊት። በዚህች 17 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒቱ፣ መርፌው፣ ግሉኮስ መቀየሩ፣ ሽንት ቤት መደገፉ፣ ከድንገተኛ ክፍል የመጣን አዲስ ሰው መቀበሉ፣ የሚጮኸውን ማሽን ማየቱ፣ የተደናገጠ አስታማሚ ማረጋጋቱና የእኔ ቲን ቲን ሁሉ መግባት አለበት። ነርሶቹ ውኃ የሚጠጡባትን ደቂቃ አልደመርኩም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ፣ እዚህ ሎሚው የሰው ነፍስ ሆኖ ነው እንጂ።

ሒሳቡን ለሌሊቷ ነርስ አሳየኋት። አንብባ ፈገግ አለች። "የሚያገላብጡትን በየሁለት ሰዓቱ አድርገሽ ነው የቆጠርሽው" አለች። "አዎ፣ ምነው?" ስላት መልስ ሳትሰጠኝ ሄደች። ሲገባኝ ቆየ። በየሁለት ሰዓቱ አይደርሱበትም ማለቷ ነው።

የሰው እጥረት መጀመሪያ የሚበላው መድኃኒቱን አይመስለኝም። መድኃኒት ከቀረ ቻርቱ ላይ ባዶ ቦታ ይታያል፣ አንድ ሰው ይጠየቅበታል። ሳይገላበጥ ያደረ ሰው ግን በማግስቱ ቆዳው ላይ ነው የሚታየው። አፍ ሳይታጠብ ይቀራል፣ ታካሚውን ደግፎ ማራመድ ይቀራል፣ ቤት ሲገቡ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ቁጭ ብሎ ማስረዳት ይቀራል፣ አጠገቡ ቆሞ ሁለት ቃል ማውራት ይቀራል። ይህ የኔ ብቻ ምልከታ አይደለም፤ በሙያው ላይ የሚያጠኑ ሰዎች "ሳይሰጥ የቀረ እንክብካቤ" እያሉ በየአገሩ ሲቆጥሩት ኖረዋል፣ ሁሌም ዝርዝሩ ላይ ከላይ የሚቀመጡት እነዚሁ ናቸው።

በእኛም ደረሰ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የአባቴን ካልሲ ሳወልቅ የግራ ተረከዙ ቀልቶ አገኘሁት። ስጫነው ቅላቱ አይጠፋም። የቀኑን ነርስ ጠራሁት። (ወንድ ስለሆነ ግማሹ ሰው "ዶክተር" ይለዋል፣ ማረሙ ሰልችቶት ትቶታል።) አየው፣ ፊቱ ተለወጠ፣ "ይሄን ማታ ማየት ነበረብን" አለ። ከዚያ ትራስ አምጥቶ ከባቱ ስር አስገባና ተረከዙ አየር ላይ ተንሳፍፎ እንዲቀር አደረገው። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። እንዴት እንደሚደረግም አሳየኝ፣ ከዚያ በኋላ እኔው እየተከታተልኩ አስተካከልኩት፣ ቅላቱም በሁለት ቀን ጠፋ። ያችን አንድ ደቂቃ የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚያገኝ ነርስ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ባልተፈጠረ።

አሁን ራሴን ልክሰስ። ነርሶቹ ጋሪያቸውን ይዘው መድኃኒት ሲያዘጋጁ ሰው ሁሉ ይጠጋቸዋል። "ሲስተር አንዴ"፣ "ሲስተር ግሉኮሱ አለቀ"፣ "ሲስተር ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው"። አንድ ጠዋት ስቆጥር የሦስት ሰው መድኃኒት እስኪያልቅ ሰባት ጊዜ አቋረጧት። ከሰባቱ ሁለቱ እኔ ነኝ። በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር አሳቀቀኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፤ 98 ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ተመልካች ቆሞ መዝግቧል፣ ከ4,000 ጊዜ በላይ። እያንዳንዱ ማቋረጥ ስህተቱን በ12 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ነው ያገኙት። ስለዚህ ጋሪው ጋ የቆመች ነርስ ካያችሁ ተዉአት። ሐኪሙ ሲመጣ ይመጣል።

የሥራ ቦታቸውን እንደ አገልግሎት ብገመግመው አንድ ኮከብ አያገኝም። ሁለት ወንበር ነው ያለው፣ አንዱ ተሽከርካሪው ተሰብሯል። ምሳ ቆመው ነው የሚበሉት፣ እሱም ከሰዓት ዘጠኝ ላይ፣ ከተሳካ። ታካሚ ማንሻው መሣሪያ ኮሪደር ጥግ ላይ ልብስ ተከምሮበት ቆሟል፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል አሉኝ። ስለዚህ ከራሳቸው የሚከብድ ሰው በክንዳቸው ያነሳሉ። ከሁለቱ የሌሊት ነርሶች አንዱ የወገብ ቀበቶ ታጥቆ ነው የሚሠራው። ጓንት አለ፣ ግን ትልቁ ቁጥር ብቻ፣ የትንሿ ነርስ ጣቶች ውስጡ ይዋኛሉ። በዚህ ላይ የእኛ የአስታማሚዎቹ ስድብ አለ። አንዱ "ደሞዝሽን በነፃ ነው የምትበይው" ሲላት ሰምቻለሁ። ዞር አላለችም፣ መርፌዋን ቀጠለች።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ተራው ከማታው ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይባላል። በወረቀት። ጠዋት ርክክብ አለ፣ ያልተጻፈ ቻርት መጨረስ አለ፣ ተተኪው ካልመጣ ደግሞ ታካሚ ጥሎ መሄድ አይቻልም። በስድስተኛው ቀን አንዷ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ 14 ሰዓት መሆኑ ነው። ያንኑ ቀን ማታ ተመልሳ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ከ12 ሰዓት ተኩል በላይ የሠሩ ነርሶች የሚሳሳቱበት ዕድል ከሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። መጋዘን ውስጥ እኔን 14 ሰዓት ብታቆጥሩኝ ካርቶን ነው የሚጎድለው።

ቤት ከገባን በኋላ ቁጥሩ የእኛ ክፍል ብቻ እንደሆነ ለማወቅ አነበብኩ። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በ2023 በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ነበሩ፣ የጎደለው 5.8 ሚሊዮን ነው። ያሉትም እኩል አልተከፋፈሉም፣ 78 በመቶው የሚሠሩት ከዓለም ሕዝብ 49 በመቶው በሚኖርባቸው አገሮች ነው። ከሰባት ነርስ አንዱ ደግሞ ከተወለደበት አገር ውጭ ባዕድ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ሆስፒታል ጉድጓዱን ሲደፍን ሌላው ጋ ይቆፈራል። ግን እጥረት ሲባል ሁሌም የተማረ ሰው የለም ማለት እንዳይመስላችሁ። ፈቃዳቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ሌላ ሥራ የያዙ አሉ። የቀኑ ነርስ አብረውት ከተመረቁት መሃል ታካሚ አጠገብ የቀረውን በአንድ እጁ ጣት ቆጠረልኝ። ሰው ይጎድላል፣ የቀረው ይደክማል፣ የደከመው ይለቃል፣ እንደገና ይጎድላል።

አባቴን በተመለከተ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች፣ ከ420,000 በላይ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎችን ተመልክቷል። በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ሰውየው በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል 7 በመቶ ይጨምራል። አንድ። የእኛ ነርስ ሌሊት ላይ 13 ነበረባት።

ይህ እንደ ዝናብ ከላይ የመጣ ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላዋለች፤ እንደኛ ባለው ክፍል ከ2005 ወዲህ አንድ ነርስ ከአምስት ታካሚ በላይ አይሰጣትም፣ ቀንም ሌሊትም። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረጡ የመንግሥት ሆስፒታሎች ቀን ለአንድ ነርስ አራት፣ ሌሊት ሰባት ብላ ወስናለች። ገንዘብ ያስወጣል፣ ግልጽ ነው። እኛ የቆየንበት ሆስፒታልም ግን ገንዘብ የለውም አልልም፣ መግቢያው ላይ የግድግዳ ያህል ስክሪን ሰቅሏል። ስክሪኑ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት ትስቃለች፣ ስሩ "ነርሶቻችን ሁልጊዜ ከጎንዎ ናቸው" ይላል።

ስንወጣ የእርካታ መጠይቅ ሰጡን። ባለ አምስት ፊት ነው፣ ከሚያለቅሰው እስከሚስቀው። "ነርሷ በፈገግታ አስተናግዳዎታለች?" ይላል። "ሲጠሩ ፈጥና መጥታለች?" ይላል። ስንት ነበሩ የሚል የለም። ሁለተኛውን ጥያቄ በእውነት ብመልሰው የሚያለቅሰውን ፊት ነው የማከብበው፣ ያ ፊት ሄዶ የሚለጠፈው ደግሞ ፀጉሯ ከቆቧ በወጣው ልጅ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ውጤቱ ሲቀንስ ምን እንደተደረገ ጠየቅኳት። "የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ሰጡን" አለች። "መቼ?" "በእረፍት ቀናችን።"

ፈገግታውን አምስት አከበብኩ። ፍጥነቱ ላይ ፊቶቹን ሁሉ ትቼ ጎኑ ላይ "ሌሊት 2 ነርስ፣ 26 ታካሚ" ብዬ ጻፍኩና ከደብተሬ የቀደድኩትን የሰዓት ዝርዝር አብሬ አያያዝኩት። አቤቱታዬ በዚሁ አለቀ።

ሰው ልታስተኙ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሆስፒታሉ የትም ይሁን። ስለ ሐኪሙ ስም ከመጠየቅ በፊት "ሌሊት በዚህ ክፍል ስንት ነርስ ለስንት ታካሚ ነው?" በሉ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ ያው መልስ ነው። ርክክቡ ስንት ሰዓት እንደሆነ እወቁና በዚያ ግማሽ ሰዓት ለትንሽ ነገር አትጥሩ። የሚቻል ከሆነ አንድ ሰው አብሮ ይደር። ይህንን ስጽፍ ይከነክነኛል፣ ምክንያቱም አስታማሚ የሌለው ሰውም ያው ደወል ነው ያለው። የአልጋ ቁጥር 7 ሴትዮ ማንም አልነበራትም። ሌሊት ሌሊት ሳትጫነው በእጇ ጨብጣው ብቻ ትተኛ ነበር።

ኮከቡ ይኸውና። ለነርሶቹ አምስት፣ ስድስተኛ ቢኖር እሱንም። ለደወሉ አራት፣ ገመዱ ትንሽ ያጥራል። ተራውን ለሚደለድለውና በጀቱን ለሚይዘው ክፍል አንድ፣ እሱም ዜሮ መስጠት ስለማይቻል ነው። በድምሩ ሦስት አድርጉት።

አባቴ አሁን በምርኩዝ ይራመዳል። የተረከዙን ነገር ረስቶታል፣ የሌሊቷን ነርስ ግን በስሟ ነው የሚጠራት። በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አለው፣ እዚያው ነው የምንሄደው፤ "ያቺ ልጅ ተራዋ መቼ እንደሆነ ጠይቂልኝ" ብሎኛል።